ገንዘብ የተፈራረቀበት ማኅበር

ከድሬ ዳዋ ሰፈሮች መካከል ሳቢያን፣ በፈረንሳውያን መሐንዲሶች ገመድ ጎዳናው ተለክቶ እንደ ተቀየሰው እንደ ከዚራ፣ ወይም ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በነዋሪው ፈቃድ እየተጠማዘዘ እንደ ተመሠረተው እንደ መጋላ፣ የጥንታዊነት ማዕርግ የሚሰጠው ሰፈር አይደለም፤ ስሙም በከተማይቱ ሕዝብ አፍ ይበልጡን የሚነሣው ስለ ውሃው ነው፤ ለድሬ ዳዋ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳባቸው ቦታዎች ዋነኛው በሳቢያን ምድር የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸውና። ይሁን እንጂ የአንድን ከተማ ታሪክ ከሐውልቱና ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከነዋሪው ልማድ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ እንደ ሳቢያን ያለውን፣ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ በአንድ አጥር እየተዋሰነ የሚኖርበትን ሰፈር ቢመረምር ብዙ ይጠቀማል። በእንዲህ ያለ ሰፈር አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ለዕቁቡ ጥሎ፣ ለዕድሩ ከፍሎ፣ በጎረቤቱ አፎሻ፣ ማለትም የመረዳጃ ማኅበር፣ ለቅሶ ደርሶ፣ የጽዋ ማኅበሩንም በተራው ደግሶ ሊያድር ይችላል፤ ከእነዚህም ማኅበራት አንዱ ስንኳ በመንግሥት ትእዛዝ የቆመ አይደለም።

እነዚህ ማኅበራት ሁሉ፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ገንዘብ ግን በባሕርዩ ኀላፊ ነው፤ ይለወጣል፣ ይረክሳል፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ዐዋጅ ይሻራል። እንግዲህ ገንዘብ ያገናኛቸው ሰዎች፣ ያገናኛቸው ገንዘብ ባለፈ ጊዜ በምን ተያይዘው ይቀራሉ? ለዚህ ጥያቄ ድሬ ዳዋ ከብዙ ከተሞች ይልቅ የታመነች ምስክር ናት፤ ከመቶ ሃያ ዓመት ጥቂት በሚያልፈው ዕድሜዋ በገበያዋ ያልተቆጠረ የገንዘብ ዓይነት ጥቂት ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ አስቀድሞ ወደ ሐረር መውጣት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር በገባ ጊዜ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ መሐለቅ የተባለ፣ በእጅ የተሠራ፣ እጅግ ትንሽ የናስ ሳንቲም እንደ ነበረ፣ በአንዱ ገጽ የሐረር ምት መሆኑ በዐረብኛ እንደ ተቀረጸበት፣ በከተማው ሌላ ሳንቲም ሲያዘዋውር የተገኘውንም ሰው አሚሩ ያለ ርኅራኄ ይቀጣው እንደ ነበረ ጽፎልናል። ሃያ ሁለቱ መሐለቅ አንድ አሽረፊ፣ ሦስቱ አሽረፊ ደግሞ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ይሆን ነበር፤ ነገር ግን አሽረፊው በዚያን ጊዜ በስም ብቻ የቀረ መቈጠሪያ እንጂ በመዳፍ የሚያዝ ሳንቲም አልነበረም። (በዘመናችን በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ መፈጠሩን እንደ ታላቅ ተአምር የሚቈጥሩ ሰዎች፣ የሐረር ነጋዴ ከ170 ዓመት በፊት በማይዳሰስ አሽረፊ ሒሳቡን ያወራርድ እንደ ነበረ ቢያስቡ መልካም ነው።)

የመሐለቅ ኀይል የመነጨው ከናሱ ሳይሆን ከግንቡ ነበር፤ ሳንቲሙን የተቀበለ ሁሉ የአሚሩን ሥልጣን ተቀበለ፣ ከከተማውም ሰዎች እንደ አንዱ ተቈጠረ፤ ስለዚህም ገንዘቡና ማኅበሩ አንድ አካል መስለው ታዩ። ነገር ግን ግብፆች ሐረርን ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተው ከለቀቁ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፣ የአሚሮቹ ሥልጣን ሲያልፍ የአሚሮቹም ሳንቲም አብሮ አለፈ፤ መሐለቅ የሚለው ስም ለጥቂት ጊዜ ቢተርፍም፣ ነገሩ ግን ወደ ሰብሳቢዎች ሣጥን ገባ። የሐረሪው ሕዝብ ግን አልተበተነም። ሠርጉንና ለቅሶውን የሚሸከምለት አፎሻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹም ለብቻ የሚሰበሰቡበት ይህ የመረዳጃ ማኅበር፣ መሐለቅን በዐይኑ ያላየ ትውልድ ከተነሣ በኋላም ጸንቶ ቆየ፤ ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኬህን የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባጠኑት ጊዜም በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል ድልድይ ሆኖ አገኙት።

የድሬ ዳዋ አወላለድ ከዚህ ይለያል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር መውጣቱ ለመሐንዲሶቹም ለባለ ገንዘቦቹም የማይቀመስ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠርቶ ቦታው አዲስ ሐረር ተባለ፤ ይሁን እንጂ የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም አሸነፈ። የመጀመሪያው የባቡር ኩባንያ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ፈረሰ፤ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ ውል ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ሆኖ ድሬ ዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ስትቆይ፣ ከባቡር የወረደው ጨርቅና ጨው በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ ከደጋው የወረደውም ቡና፣ ቆዳና ሰም ወደ ባቡር ይገባ ነበር፤ በዚህም መካከል ግሪኩ ከኦሮሞው፣ የመኑ ዐረብ ከሶማሌው፣ ሕንዱ ከሐረሪው፣ አርመኑ ከጉራጌውና ከአማራው ጋር፣ አባቱን ሳያውቅ አገሩንም ሳይጠይቅ ይገበያይ ጀመር። ግንብ የሌላት፣ አሚር ያልነገሠባት፣ የራሷንም ሳንቲም ያልመታች ይህች ከተማ፣ እንግዳን ከእንግዳ የሚያስተማምን ሌላ መላ መፈለግ ነበረባት።

ገንዘቡ ሊያስተማምን አልቻለም፤ እርሱም ራሱ እንግዳ ነበርና። በመጀመሪያ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለባት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረች፤ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ዓመት በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 የሚል ዘመን ሲጻፍበት የኖረ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ጠገራ ሲሆን፣ የአገራችን ሰው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍዎች ሳይቈጥር፣ ዘውዷንም በጥፍሩ ሳይዳስስ አይቀበላትም ነበር። ቀጥሎ አጤ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቷት፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈባት ብር መጣች፤ ሕዝቡም የራሱ ንጉሥ መልክ ያለባትን ትቶ የባዕዷን ንግሥት መምረጡን ለረጅም ጊዜ አልተወም። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በድሬ ዳዋ ቅርንጫፍ ከፍቶ በ1907 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ፣ ወረቀቱ በከተሞች በሚነግዱት በውጭ አገር ሰዎች እጅ ከመዘዋወር አልፎ ወደ ገጠሩ ብዙም አልዘለቀም። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ጣልያን ከተማይቱን ሲይዝ ሊሬ መጣ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጣልያንን ሲያስወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተከተለ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዶላር በዐዋጅ ቆመ፤ መንግሥት የሕዝቡን ልብ ስላወቀ፣ ከወረቀቱ ጋር አሜሪካ በሰጠው ብር የተመታ ባለ 50 ሣንቲም አብሮ አወጣ፤ ወረቀቱን የተጠራጠረ ሰው በጥርሱ የሚነክሰው ነገር እንዲያገኝ ማለት ነው። ከዚያም በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቱ ተለወጠ።

እነሆ፣ አባቱ በጠገራ ብር የጣለበትን ዕቁብ ልጁ በሽልንግ ወይም በዶላር ይጥልበታል፤ የልጅ ልጁም በብር። መዝገቡ ቢገለጥ የገንዘቡ ስም በየዘመኑ የተለያየ ሆኖ ይገኛል፤ «እገሌ ወጣለት፣ እገሌ ቀረው» የሚለው ቃል ግን ያው ነው። እንደ እኔ አስተሳሰብ የነገሩ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ዕቁብ የሚቈጥረው በገንዘብ ቢሆንም የሚመዝነው ሰውን ነው። ዕቁብተኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት እንዳለው አይደለም፤ ዋስህ ማን ነው ተብሎ ነው። ዳኛው ይመረጣል፣ ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል፣ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ዕጣው በሁሉ ፊት ይወጣል፤ በልማድም የመጀመሪያው ዕጣ ስለ ድካሙ ለዳኛው የሚተውበት ዕቁብ ብዙ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው በዚያው ቀን ገንዘቡን ታቅፎ አይሄድም፤ ዋስ ይጠራል፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ባለ ገንዘብ የነበረው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለ ዕዳ ሆኗልና። በልቶ የጠፋ ሰው ቢገኝ የሚከፍለው ዋሱ ነው፤ ዋሱም ከዚያ በኋላ በቀፊራም ሆነ በአሸዋ ገበያ የሚነግድበት ስሙ ስለ ሆነ፣ ወዳጁን እንዲያው በፍቅር ብቻ አይዋስም።

ይህን ስል ዕቁብን እንደ ቅዱሳን ማኅበር አድርጌ ለማመስገን አይደለም። ዕጣውን በትርፍ ለቸገረው የሚሸጥ፣ ማለትም በስውር አራጣ የሚበላ ሰው ከጥንት ጀምሮ አልጠፋም፤ በልቶ ድንበር የተሻገረም ይኖራል፤ ጅቡቲ ሩቅ አይደለችም። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን፣ ዕጣ የሚሸጠው ሰው ተራውን እንጂ ግዴታውን ሊሸጥ እንደማይችል ነው፤ ዕጣውን የሸጠም የገዛም እስከ ዙሩ መጨረሻ ድረስ በየሳምንቱ ይጥላል። ጥቅሙ ሊተላለፍ ይችላል፤ መታመን ግን አይተላለፍም።

ዕድርና አፎሻ ከዚህም ይልቅ ጠልቀው ገብተዋል፤ እነርሱ ከሰው የሚፈልጉት ዋና ነገር ገንዘብ ስላልሆነ። ወርኃዊው መዋጮ ትንሽ ነው፤ የሚከብደው መገኘት ነው። ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ተሸክሞ፣ ሬሳ አጅቦ፣ ሠልስት አድሮ የሚከፈለው ክፍያ በማንም መንግሥት ሳንቲም አይመነዘርም፤ ቀሪውም ይቀጣል። ባለጠጋ ሰው መቀጫውን እየከፈለ ለመቅረት ቢሞክር፣ መቀጫውን ሲቀበሉት ቆይተው በራሱ ለቅሶ ቀን ብቻውን ሊያስቀሩት እንደሚችሉ ስለሚያውቅ፣ ንግዱን ዘግቶ ይመጣል። የከተማ ዕድር፣ መዝገብና ሊቀ መንበር ያለው ሆኖ የተደራጀው በሃያኛው ምዕት ዓመት ሲሆን፣ ከየአገሩ የመጣው ሰው ከዘመዱ ርቆ የሚቀብረው እንዳያጣ ሲል የፈጠረው ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ደግሞ አፎሻ የሚለው ስም ከሐረሪው አልፎ በኦሮሞው ዘንድ የተለመደ ሆነ፤ ስለዚህም በአንድ ሰፈር ዕድርና አፎሻ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ በሌላው ለቅሶ መቀመጡም እንግዳ ነገር አይደለም።

የማኅበር ዐቅም ግን ድንበር አለው። ሐዘን በተራ ሲመጣ ማኅበር ይችለዋል፤ ሐዘን በአንድ ሌሊት ሁሉን ሲያንኳኳ ግን ማን ማንን ያጽናናል? በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ የቀባሪና የሐዘንተኛ ልዩነት የጠፋባቸው መንደሮች ነበሩ፤ የአንድ ሰፈር ሣጥን ለእንዲህ ያለ መዓት እንደማይበቃ፣ ከሌላ ሰፈርና ከመንግሥት የሚመጣ እርዳታም የግድ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ከዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ ጸሐፍት መናገር እወዳለሁ፤ ድሬ ዳዋ የነጋዴ ከተማ ብቻ ተደርጋ ስትነገር ደስ አይለኝምና። የካቶሊክ ካፑቺን ሚስዮናውያን ከሐረር የለምጻሞች መጠለያ ጀምረው ወደ ድሬ ዳዋ ያመጡት የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በከተማይቱ ሲሠራ፣ ከኢየሩሳሌም የተመለሱት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በዚያው ተቀምጠው የግእዙን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። ሥራውን የጀመሩት እርሳቸው አልነበሩም፤ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት ለደቀ መዝሙራቸው በአደራ አስረክበው አረፉ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ አደራውን በድሬ ዳዋ አብረዋቸው ይደክሙ ለነበሩት ለደስታ ተክለ ወልድ አስተላለፉ፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከጥንስሱ እስከ ሕትመቱ ሦስት ሊቃውንት በቅብብል የሠሩበት ይህ ሥራ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሳያዩት ያለፉበት ሆኖ ሳለ፣ አንዱም ዐስቤ ዘገየ ብሎ ብዕሩን አልጣለም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጸሐፍትን በገንዘብ ለማያያዝ የሞከረ ማኅበር በዘመናችን ተነሥቷልና። በ2008 ዓ.ም. ኔድ ስኮትና ዳን ላሪመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስቲሚት የሚባል፣ ጸሐፊን በእጅ በማይዳሰስ ገንዘብ፣ በክሪፕቶከረንሲ፣ የሚሸልም ማኅበር በበይነ መረብ አቆሙ። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ በየቀኑ አዲስ ገንዘብ ይፈጠራል፤ አባላቱ ለወደዱት ጽሑፍ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሽልማቱ ለጸሐፊውና ድምፅ ለሰጡት ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱም ድምፅ ክብደት በማኅበሩ ውስጥ ባስቀመጠው ገንዘብ መጠን ይለካል። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ጐረፈበት፤ ጸሐፊው ያለ አሳታሚ በቀጥታ ከአንባቢው እጅ የሚበላበት ዘመን መጣ የተባለለት ነበር፤ ሐሳቡም በእውነት የሚናቅ አልነበረም።

ነገር ግን ሦስት ደዌ ገባበት። ባለ ብዙ ገንዘቡ የራሱን ጽሑፍ ራሱ እየመረጠ ይሸለም ጀመር፤ ቀጥሎ ድምፅ በግልጽ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ሆነ፤ በመጨረሻም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከ7 ዶላር በላይ የደረሰው የገንዘቡ ዋጋ በዚያው ዓመተ ምሕረት መንፈቅ ሳይሞላው ክፉኛ አሽቈለቈለ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከግማሽ ዶላር በታች ሲወርድ ኩባንያው ከሠራተኞቹ 70 በመቶ ያህሉን አሰናበተ። ዋጋው ሲወርድ ጸሐፊውም ሄደ። ዕቁብተኛ ግዴታውን ሊሸጥ አይችልም ያልኩት እዚህ ላይ ትርጉሙ ይገለጣል፤ በስቲሚት ድምፅ፣ ይኸውም የወዳጅነት ምስክር የሆነው ነገር፣ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የሚሸጥ ነበርና።

የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ጀስቲን ሰን የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ከገዛ በኋላ፣ በታላላቅ የምንዛሪ ቤቶች የተቀመጠውን የደንበኞች ገንዘብ ድምፅ አሰልፎ የማኅበሩን አስተዳዳሪዎች ሲያስወርድ፣ ለዓመታት በአንድነት የቆዩት አባላት በመጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. መዝገቡን እንዳለ ገልብጠው፣ የገዢውን ድርሻ አስቀርተው፣ ሃይቭ ብለው ለብቻቸው ወጡ። የድሮው ገንዘብ ከገዢው ጋር ቀረ፤ ከአባላቱ መካከል ተጠያይቀው የሚተዋወቁት ግን አብረው ወጡ። በዚህም ሥራቸው፣ ምንም እንኳ አፎሻ የሚለውን ስም ሰምተው ባያውቁ፣ የሐረር ሰው መሐለቁ ከጠፋ በኋላ ያደረገውን አደረጉ።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶከረንሲን መገበያያ ማድረግ የተከለከለ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ የሳቢያን ወጣት በስልኩ ስለ ቢትኮይን ቢያወራም፣ ማኅበሩ ያው የአባቱ ማኅበር ነው። መልኩ ግን እየተለወጠ ሄዷል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዕቁቡን በቴሌብር የሚልክ፣ ዕጣው መውጣቱንም በስልክ መልእክት የሚሰማ ዕቁብተኛ በየከተማው በዝቷል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቱ ሲቀየር በዙሩ መካከል የነበረ ዕቁብ በአሮጌው ኖት ተሰብስቦ በአዲሱ ቢከፈል፣ ጠብ የሚያስነሣ ነገር አልነበረም።

ጠብ ያስነሣው ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የመጨረሻው ዕጣ የሚወጣለት ሰው በመጀመሪያው ከበላው ጋር እኩል ቈጥሮ፣ ነገር ግን ያነሰ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ይቀበላል። ኖት ቢቀየር ተራ አይጓደልም፤ ዋጋ ሲረክስ ግን ተራው ራሱ ዋጋ ይኖረዋል፤ ዕጣም ከድሮው ይልቅ በውድ ይሸጣል። ለዚህ ዳኞች ያላቸው መላ ዙሩን ማሳጠር፣ አባላቱን መቀነስ፣ ወይም የባሰ የቸገረውን አስቀድሞ ማብላት ነው፤ ከሦስቱ የኋለኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ የቸገረው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ዳኛው አባላቱን በስልካቸው ቍጥር ሳይሆን በቤታቸው ማወቅ አለበትና።